የተሰረዘችው መስመር

ሐረር፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነፃነት፤

እንደምን ከርመሻል? የብሬመን ብርድ አጥንትሽ ውስጥ እንዳይገባ ጠዋት ጠዋት መድኃኔዓለምን እለምነዋለሁ። እኛ፣ ስሙ ይመስገንና፣ ደኅና ነን፤ እንዲያውም አንድ ጨምረናል። ልጄ ብሌን በቃና ዘገሊላ ዕለት በሰላም ተገላገለች። ሴት ናት። ትናንት ከሆስፒታል ስንገባ ሦስት እልል ብለን ልናቆም ስንል ጎረቤታችን ሳፊያ «ለሴት ሲሆን ጉሮሯችሁን ምን ነካው!» ብላ ብቻዋን ሰባት አደረሰችው። የሕፃኗ አባት ያሬድ ጅግጅጋ ተማሪ እየፈተነ ነው፤ እስኪመጣ እኔና የብሌን ወንድም ለማ አለን። ለማ አጎት መሆኑን በእጅ ምልክት ብነግረው ደረቱን እየመታ ሲስቅ ዋለ። ያው እንደምታውቂው ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቶትም አይሰማም፣ እጆቹም እንደ ልባቸው ነው የሚሄዱት።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችን አንድ ክፍል ተኩል ስለሆነ ነው፤ ብሌን ተኝታም ትሰማለች። ስለዚህ እጽፋለሁ፣ ሳፊያ በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጻፊልኝ። የስልክ ፊደል ሁሉም እኩል ነው፤ የጻፈው ሰው ተናዶ ይሁን ተኝቶ አይለይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሆስፒታል ልንወጣ ስንል አንዲት ነርስ የእጅ ባትሪ የመሰለች ዕቃ በሕፃኗ ግንባር ላይ አስጠጋችና «ስድስት» አለች። የቢጫነት ልኬት ነው አሉ፤ ለታመመውም ላልታመመውም፣ ለሁሉም ሕፃን ያደርጉታል። ከዚያ «ከነገ ወዲያ አንዴ፣ በሳምንቷ በጥር 19 ደግሞ አንዴ አምጧት» ብላ ካርዱ ላይ ጻፈችልን። እኔ የወፍ በሽታ ትልቅ ሰው ሲይዝ እንጂ የሦስት ቀን ልጅ ሲለኩለት አላየሁም። ብሌን ተሰፍታለች፣ መቀመጥም ያማታል። አራስ ልጅ ደግሞ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ምች ሲመታው ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንቺ ነርስ ነሽ፣ በየቀኑ የምትውይበት ሥራ ነውና መዝኚልኝ፦ ጥቅሙ ይበልጣል ወይስ ጉዳቱ?

ሳፊያ ያነሳቻትን ፎቶ አብሬ ልኬልሻለሁ። አፍንጫዋ የእናትሽ ነው፤ እኔና እናትሽ የአክስትና የአጎት ልጆች መሆናችንን ይኸው መሰከረች።

የወለደችውን ያስተኛልን፣ በሰው አገር ያለችውን በሰላም ያሳድርልን።

እትዬሽ በለጡ

•

ብሬመን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ በለጡ፤

እንኳን ማርያም ማረቻት! ሰላምታውን ላሳጥረው ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

ፎቶውን አየሁት። ሕፃኗ እስከ እምብርቷ ድረስ ቢጫ ናት። የነገውን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ አሁኑኑ ባጃጅ ጠርተው ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። እትዬ፣ እባክዎን ምች ምናምን አይበሉኝ። ምክንያቱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ። እግርዎን ስሜ እለምንዎታለሁ፣ ዛሬ!

ልጅዎ ነፃነት

•

ሐረር፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነፃነት፤

ጤና ይስጥልኝ። ተናድጃለሁና ሰላምታዬ አጭር ነው፤ አንቺም አሳጥረሻል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ብሌን አጥሚቷን እየጠጣች ነበር። ፊቴን አይታ ኩባያው ከእጇ ወደቀ። በእኛ መተላለፊያ ባጃጅ አይገባ፣ ስፌቷ እየጎተታት እስከ በሩ በእግሯ ወረደች። በማግስቱ በቀጠሯችን ቀን ብንሄድ ኖሮ በዚያች ዕቃ ግንባሯን ነክተው ይመልሱን ነበር። አንቺ ድንገተኛ ስላልሽ ድንገተኛ ገባን፤ ድንገተኛ ደግሞ መርፌ ነው። ተረከዟን ወጓት። ደሙ ረግቷል ተብሎ እንደገና ወጓት። ለውጤቱ አምስት ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ተረኛው ሐኪም ጨዋ ልጅ ነው፤ «ስምንት ነጥብ ስድስት ነው፣ አያሠጋም። ግን ጀርመን ያለች ባለሙያ ይህን ያህል ከፈራች ለጥንቃቄ ትደር» አለና ሕፃናት ክፍል አስተኛት። እናቷን ውጭ። የዱቄት ወተት በጡጦ ሰጧት። ብሌን ጡቷ ተወጥሮ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አደረች።

በማግስቱ ቤት ስንገባ ሳፊያ ያን ፎቶ አወጣችና አየችው። ቀጥላ ሕፃኗን አየች፣ ቀጥላ መስኮቱን። ከዚያ «ያ አላህ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና በሳቅ ፈረሰች። መጋረጃው! ለአራሷ ፀሐይ ይከልልልኝ ብዬ ከጊደር መጋላ ገበያ የገዛሁት የእርድ ቀለም ጨርቅ መስኮቱን ሞልቶታል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ቢጫ ነን፤ አንሶላውም፣ ግድግዳውም፣ እኔም። አንቺ አስተኝተሽ ያሳከምሽው መጋረጃዬን ነው።

አሁን ሕፃኗ ጡጦ ለምዳ ጡት ስትሰጣት ትንሽ ትስብና ትተኛለች። ብሌን ወተቴ ደረቀ ብላ ታለቅሳለች። በጥር 19 ያለውን ቀጠሮ ትተነዋል። ምክር ጠየቅሁሽ፣ ፍርሃት ላክሽልኝ። አልተጣላንም፤ ግን ስለዚህ ነገር ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።

በለጡ

•

ብሬመን፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ በለጡ፤

እግዚአብሔር ቁጣዎን ያብርድልኝ፤ ብሌንንም በወተቷ ይካሳት። አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ። እዚህ በሥራ ቦታዬ ስንት ጊዜ «በፎቶ ቀለም አትፍረዱ» ብዬ ሌላውን አስተምሬያለሁ መሰልዎት! የራስ ሰው ሲሆን ትምህርት ከጭንቅላት ይወጣል ለካ።

አትጻፊ ብለውኛል፣ እኔ ደግሞ መዝኚልኝ ብለውኝ ሳልመዝን ቀርቻለሁ። የመጀመሪያውን ዕዳዬን ልክፈልና ዝም እላለሁ። ከመቶ ሕፃናት ከግማሽ በላይ ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ ጠብተው፣ ሸንተው፣ በራሳቸው ይነጻሉ። ጥቂቶቹ ሰማያዊ መብራት ሥር መተኛት ይፈልጋሉ፣ ይድናሉም። ከብዙ ሺህ አንዱ ግን ቢጫው አንጎሉ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚያወጣው ሐኪም የለም። ችግሩ ያ አንዱ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ በመልኩ አይታወቅም። ስለዚህ ሁሉንም እንለካለን። ሁሉንም ስንለካ ደግሞ ብሌን ላይ የደረሰው ይደርሳል፤ ምንም ያልሆነች ልጅ ትወጋለች፣ እናት ትደነግጣለች፣ ጡት ይቋረጣል። ይህን ጉዳት «ትንሽ ነው» የሚል ካለ ወልዶ አያውቅም። እኔ አልልም።

ያም ሆኖ ሚዛኑ ለእኔ ወደ መለካቱ ያደላል። የሚያደላው ግን በቀጠሮ፣ በሰላም፣ እናቷ አጠገቧ ሆና ሲሆን ነው፤ እኔ እንዳደረግሁት በጩኸት አይደለም።

[እዚህ ላይ አንድ መስመር በጥቁር ቀለም ተሰርዟል።]

የጥር 19ኙን ቀጠሮ በተመለከተ እንደፈቀዱ ያድርጉ። ከእንግዲህ የማዘዝ ፊት የለኝም።

ጉልበትዎን ስሜ፣ ልጅዎ ነፃነት

•

ብሬመን፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ በለጡ፤

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤትዎ። አራት ቀን ሆነኝ ድምፅዎን ካጣሁ። የሳፊያ ስልክም ተዘግቷል። መብራት ጠፍቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ የጠፋሁት? ይሳደቡኝ፣ ግድ የለኝም፤ ብቻ አንድ ቃል ይላኩልኝ።

ነፃነት

•

ሐረር፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለነፃነት፤

መድኃኔዓለም የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ እንጀራሽን ከሰው ፊት አያድርገው፤ ልጅ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። ዛሬ ሰላምታው ቢረዝም አይገርምሽ፤ ባለፈው ያስቀረሁትንም ጭምር ነው የምከፍለው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥር 18 ነው። ሚዛኑን አነበብኩ፣ ጥሩ ነው አልኩ። ከዚያ ያቺ የተሰረዘች መስመር ላይ ደረስኩ። ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብተር ያረምኩ ሰው ነኝ። ተማሪ የሰረዘውን ማንበብ ካልቻልኩ የመንግሥትን ደመወዝ በከንቱ በልቻለሁ ማለት ነው። ሳፊያ በስልኳ ላይ አሰፋችልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ ቀለሙን ሥር ሥሩን ተከተልኩት። «ለማም በሕፃንነቱ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ጠፍቷል። ምን ልትይ ነበር? የጻፍሽውን ሳይሆን የደበቅሽውን ፈራሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጋረጃውን ከነምስማሩ ነቀልኩት። ሕፃኗን አንስቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። ከሠላሳ ሦስት ዓመት ወዲህ አራስ ልጅ ይዤ ፀሐይ ላይ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ገለጥኳት። እስከ ውስጥ እግሯ ድረስ ቢጫ! የዓይኗ ነጭም ቢጫ! ሳፊያ ከደጅ ብቅ አለችና «ኧረ የመጋረጃው ነው» አለች። መጋረጃው እኮ በትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል! ሦስት ቀን ሙሉ «ቢጫ መሰለችኝ» ባልን ቁጥር «የመጋረጃው ነው» እየተባባልን ስንስቅ ነበር። መጀመሪያ ያለ ነገሩ ያስደነገጠን ጨርቅ፣ ኋላ ደግሞ ልጅቷ ደኅና የሆነች አስመስሎ አዘናጋን። መጥባቷም ቀንሶ ነበር፤ ሽንት ጨርቋ ከማታ ጀምሮ ደረቅ ነው፣ ብትነቀንቂያት ዓይኗን አትገልጥም።

ብሌን ካርዱን ከፍራሽ ሥር አወጣችው፤ ቀጠሮው ለካ የዚያኑ ቀን ነው። ሄድን። ነርሷ ዕቃዋን ግንባሯ ላይ ብታስጠጋ ዕቃዋ ቁጥር መስጠት እምቢ አለች፤ ነርሷም «ከልኳ አልፏል» አለችኝ። ደም ቀዱ። ሃያ አንድ ነጥብ አራት። ወዲያው ዓይኗን ሸፍነው፣ ልብሷን ገፍፈው ሰማያዊው መብራት ሥር አስተኟት። በዚህኛው ጊዜ ብሌንን አላስወጧትም፤ አንዲት ነርስ አጠገቧ ተቀምጣ ወተቷን በእጇ እያለበች በሲኒ እንድታጠጣት አስተማረቻት። ለካ አልደረቀም፣ ፈርቶ ነው! ቁጥሩ በማግስቱ አሥራ ስድስት፣ ከዚያ አሥራ አንድ ሆነ። ትናንት ቤታችን ገባን። አሁን ስታለቅስ ድምፅዋ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይሰማል፤ ሳፊያ «አልሐምዱሊላህ፣ ጉሮሮዋ ከኛ ይበልጣል» ትላለች።

ባለፈው መርፌውን ረግሜው ነበር። በዚህኛው ጊዜ ግን ተረከዟን ሲወጓት እጄን ዘርግቼ ነርሷን መረቅኋት። የመጀመሪያው መርፌ ጎዳን፣ ሁለተኛው አዳነን፤ መርፌው ያው ነው። ይህን ሁለቱንም ሳልደብቅ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ እነግራለሁ። ለዚህ ሁሉ አመሰግንሻለሁ።

አሁን ደግሞ ልለምንሽ ነው። አትጻፊ ያልኩሽን አንስቻለሁ፤ ያን መስመር ሙሉውን ጻፊልኝ።

አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ። ለማ በሚያዝያ 1983 ተወለደ። በስድስተኛ ቀኑ አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወደ ጦር ሜዳ ሊሄድ ነው ተባለ። ልጁን ሳያይ እንዳይሄድብኝ ብዬ አቅፌው መኪኖቹ ወደተሰለፉበት ወጣሁ። ቀትር ነበር። ሰዉ ብዙ ነው፣ እኔም ልጁ እንዲታይለት ገልጬ ከፍ አደረግሁት። አየው። ከዚያ ቀን በኋላ ለማ መጥባት ተወ፤ ጩኸቱ ቀጠነ፣ ጀርባውም ወደ ኋላ ይለጠጥ ጀመር። አማቴ «ፀሐይ ላይ አውጥተሽ ምች አስመታሽው» አሉኝ። ማንም ሌላ ነገር የነገረኝ የለም። አባቱ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲያየው ምንም አላለኝም፤ እስኪሞት ድረስ ምንም አላለኝም።

ሕፃናት ክፍል ውስጥ ያቺን ልጅ ስመለከት ለማ ያን ጊዜ ምን መልክ እንደነበረው ትዝ አለኝ። እስኪ ንገሪኝ፣ ልጄን ያገኘው ምንድን ነው?

እትዬሽ በለጡ

•

ብሬመን፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ በለጡ፤

እንኳን ደስ አለን። ሕፃኗን በመብራት፣ እርስዎን በፊደል የጠበቀ አምላክ ይመስገን። አሥራ አንድ ቀን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። ይህን ግን አልሰርዝም።

መስመሯ እንዲህ ትል ነበር፦ «ለማም በሕፃንነቱ ቢጫ ሆኖ ከነበረ፣ ያገኘው ይሄው ነው።»

መቼ እንዳወቅሁት ልንገርዎ። የነርስ ተማሪ ሆኜ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ በእርስዎ ጠረጴዛ፣ በእርስዎ መብራት እያጠናሁ ነበር። ስለ ሕፃናት ቢጫነት የሚያወራው ገጽ ላይ ደረስኩ፤ አንጎል ውስጥ ከገባ ጆሮን እንደሚያደነቁር፣ እጅና እግርን ያለ ፈቃድ እንደሚያንቀሳቅስ፣ አእምሮው ግን ንቁ ሆኖ ሊተርፍ እንደሚችል ይናገራል። ቀና ስል ለማ ከፊቴ ተቀምጦ ሻዩን በቀሰም ይጠጣል፤ አይቶኝ ሳቀ። መጽሐፉን ዘጋሁት። «ታዲያ ብነግራቸው ማን ይድናል?» አልኩ። አራት ዓመት አብልተውኝ፣ አልብሰውኝ፣ ይህን ከእርስዎ ደበቅሁ። የፀሐዩን ነገር ግን አላውቅም ነበር፤ ማርያምን አላውቅም ነበር! እርስዎ ራስዎን እየከሰሱ እንደሚኖሩ ባውቅ ኖሮ በዚያች ምሽት እጮህ ነበር።

አሁን በእርግጠኝነት ልምል አልችልም፤ ያን ጊዜ የለካው የለምና። ግን የነገሩኝ ሁሉ፣ ቀኑም፣ ጩኸቱም፣ ጀርባው መለጠጡም፣ እዚያው ያደርሰኛል። ምች አይደለም። እትዬ፣ ይህን ደግመው ደጋግመው ያንብቡት፦ ፀሐይዋ አልጎዳችውም። ይዘውት ሲወጡ ታሞ ነበር። ይህ ቢጫነት የሚፈራው ነገር ብርሃን ነው። ያን ቀን ለማ ያገኛት መድኃኒት ብትኖር እርስዎ ከፍ አድርገው ያሳዩት ያቺ ፀሐይ ናት፤ ትንሽ ሆና አልበቃችውም እንጂ።

የብሌንን ልጅ ፎቶ ሳይ ሕፃኗን አላየሁም፤ ለማን ነው ያየሁት። ለዚያ ነው የጮህኩት። ብሌን ይቅር ትበለኝ። ባልጮህ ያ ሁሉ ጡጦና ለቅሶ አይመጣም ነበር፤ ምናልባትም ቁጥሩ ሃያ አንድ አይደርስም ነበር። ይህንንም አልሰርዝም።

ልጅዎ ነፃነት

•

ሐረር፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለነፃነት፤

ለትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። ከትናንት ወዲያ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና አስነሳናት። ወለተ ሚካኤል ተባለች፤ የቤት ስሟ ማህሌት ነው። ሁዳዴ ስለሆነ ድግሱ የጾም ነው፤ ያሬድ «ዶሮ የሌለበት ክርስትና» እያለ ሲያላግጥ ዋለ፣ ሹሮውን ግን ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ሕፃኗ ትሰማለች። ሳፊያ በስተኋላዋ ሆና ድስት ስትመታ ብድግ ብላ አለቀሰች፤ እኛ ደስ ብሎን እናጨበጭባለን፣ እሷ ታለቅሳለች። ሆስፒታልም ወስደን ጆሮዋን አስለካነው፤ ደኅና ነው ብለውናል። ብሌን ይቅር ብላሻለች፤ «ብቻ ሁለተኛውን ስወልድ ነፃነት ፎቶ እንዳታይ» ብላለች።

መልስ ሳልጽፍልሽ ሁለት ወር የቆየሁት ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ። የተማርሽበት ጠረጴዛ አሁንም እዚህ አለ፤ ያኔ ብትነግሪኝ ምናልባት አላምንሽም ነበር። ለአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ብዬ አማቴን አልክድም ነበር። ያለፈው አልፏል።

ለማን ነገርኩት። እንዴት እንደነገርኩት አትጠይቂኝ፤ በእጅ፣ በሕፃኗ፣ በመብራቱ፣ በቢጫው ጨርቅ፣ በሁሉም። እሱን አሳየሁት፣ እኔን አሳየሁት፣ ፀሐይዋን አሳየሁት፣ እጄን አራግፌ «አይደለም» አልኩት። እያለቀስኩ ነው። በትዕግሥት አየኝ፣ አየኝና ትከሻውን ነቅንቆ ሻዩ መቀዝቀዙን አሳየኝ። ለካ ያን ሸክም የተሸከምኩት ብቻዬን ነው፤ እሱ ጠይቆኝም አያውቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ንስሐ አባቴ ዘንድ እቀርባለሁ። ቀርቤ መጀመሪያ የምናገረው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ልጄን ፀሐይ ላይ አውጥቼ አጎደልኩት።» ሠላሳ ሦስት ዓመት። ሁለት አባቶች ይህን እየሰሙ ሞቱ፣ ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ስግደት ያዙልኛል፣ እሰግዳለሁ፣ ይፈቱኛል፤ በዓመቱ እዚያው ይዤው እመለሳለሁ። የአሁኑ አባ አንዴ «ይህ እኮ ተፈትቷል» ቢሉኝ «ለእኔ አልተፈታም» ብዬ መለስኩላቸው።

ዘንድሮም ቀረብኩ። ሐሜቴን ተናገርኩ። ቁጣዬን ተናገርኩ። አንቺን መሳደቤንም ሳይቀር ተናገርኩ። ከዚያ አበቃሁ። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ጠበቁኝ፤ የለመዱት ነገር ቀርቶባቸዋልና ቆዩ፣ ቆዩና «የቀረ አለ፣ ወይዘሮ በለጡ?» አሉኝ።

«የለም አባቴ» አልኳቸው።

እትዬሽ በለጡ